የእጅ ስልክ ምርጫ በመንዝ፥ በግሼና በመርሐ ቤቴ
አሮጌውን ስልክ በአዲስ ለሚለውጥ ሰው የሚጠቅም አጭር ጥናት

መግቢያ

የእጅ ስልክ በአገራችን ሥራውን የጀመረው በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነው። በዚያን ጊዜ የጥቂት ነጋዴዎችና የባለ ሥልጣኖች ዕቃ ነበር፤ ዛሬ ግን በመንዝ ደጋ በግ የሚጠብቅ ልጅ ሳይቀር ከባናው ሥር አውጥቶ ሲደውል ይታያል። ከዚህም የተነሣ ጥያቄው ተለውጧል። ቀድሞ «ስልክ ልግዛ ወይስ አልግዛ?» ይባል የነበረው፥ አሁን «ያለኝን ባለ ቍልፍ ስልክ በየትኛው ስማርት ስልክ ልለውጥ?» የሚል ሆኗል።

ይህ ጥያቄ በከተማ ለሚኖር ሰው ቀላል ሊመስል ይችላል። በገጠር ግን ነገሩ ከባድ ነው። በመንዝ በግ ማለት ለገበሬው የቁጠባ ሣጥን ነው፤ ማዳበሪያ ቢያስፈልግ፥ ልጅ ትምህርት ቤት ቢገባ፥ ሰው ቢታመም የሚሸጠው እርሱ ነው። ስልክም የሚገዛው ከዚሁ ሣጥን በሚወጣ ገንዘብ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፥ 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ፤ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ፥ ስልክም ጭምር፥ ዋጋው ናረ። ስለዚህ ሁለት ሦስት በግ ሸጦ የማይሆነውን ስልክ የገዛ ሰው የሚያጣው ስልኩን ብቻ አይደለም፤ የክፉ ቀን መጠባበቂያውንም ነው።

ከዚህም በላይ ምክር የሚጠየቀው ብዙ ጊዜ ተማሪ ነው። ከመሐል ሜዳ፥ ከሞላሌ፥ ከራቤል ወይም ከዓለም ከተማ ወደ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ልጅ፥ «አንተ ታውቃለህና ለእኛም የሚሆነውን ዐይተህ አምጣ» መባሉ የተለመደ ነው። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ልንገልጠው ያሰብነው የስልኩን ውበት ወይም የፋብሪካውን ዝና አይደለም። የአገሩ አቀማመጥ፥ የአየሩ ጠባይና የሰዉ ሥራ የሚጠይቀውን ዐይተን፥ ከዚያ ተነሥተን ምርጫው እንዴት መደረግ እንዳለበት እናስረዳለን።

1. የአገሩ አቀማመጥና ኔትወርክ

ስልክ ያለ ኔትወርክ ሰዓትና የእጅ ባትሪ ከመሆን አያልፍም። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ መታየት ያለበት ይህ ነው።

እንደሚታወቀው መንዝና ግሼ ከፍተኛ ደጋ ናቸው። የጓሳ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። መርሐ ቤቴ ደግሞ በጀማና በወንጪት ሸለቆዎች የተከበበ ስለ ሆነ፥ አንድ ሰው በአንድ ቀን መንገድ ከወይና ደጋ ወደ ቆላ ወርዶ ተመልሶ ሊወጣ ይችላል። እንዲህ ባለ አገር የሬዲዮ ሞገድ ሜዳ ላይ እንደሚሄደው አይሄድም፤ ገደል ይከለክለዋል፥ ጋራ ይመልሰዋል። ሰው ስልክ ለመደወል ጉብታ ላይ የሚወጣው በልማድ ብቻ አይደለም፤ ከጉብታው ላይ ሆኖ የኔትወርኩን ማማ ቢያይ ወይም ለማየት ቢቃረብ ሞገዱ ስለሚደርሰው ነው።

በዚህ ረገድ ሁለት ነገሮችን ማወቅ ይጠቅማል። አንደኛ፥ ሞገዱ ዝቅተኛ በሆነ መጠን ሩቅ ይሄዳል፥ በጋራም ዙሪያ በመጠኑ ይታጠፋል። በ900 ሜጋ ኸርዝ የሚሠራው የ2ጂ ኔትወርክ በ2100 ሜጋ ኸርዝ ከሚሠራው 3ጂ ይልቅ ራቅ ወዳለ መንደር የሚደርሰው ስለዚህ ነው። ሁለተኛ፥ የ2ጂ አሠራር ራሱ ወሰን አለው፤ በተለመደው አሠራር ስልኩ ከማማው ከ35 ኪሎ ሜትር በላይ ከራቀ፥ ማማው በዐይን ቢታይ እንኳ አይገናኝም።

4ጂ የሚባለው ፈጣን ኔትወርክ በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው በመጋቢት 2007 ዓ.ም. ሲሆን፥ ወደ ክልል ከተሞች የተስፋፋው ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ነው። በገጠር ቀበሌ 2ጂ ወይም 3ጂ ብቻ የሚያገኝ ሰው ገና ብዙ ነው። ከዚህ የሚከተለው ምክር የሚከተለው ነው፦

ሀ) ስልኩ 2ጂም፥ 3ጂም፥ 4ጂም የሚቀበል ይሁን። በገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው።

ለ) ለ5ጂ ተብሎ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል በእነዚህ ወረዳዎች ለሚኖር ሰው ጥቅም አይሰጥም። ይህ ገንዘብ ለባትሪ ወይም ለተጨማሪ ማከማቻ ቢውል ይሻላል።

ሐ) ሁለት ሲም የሚይዝ ይሁን። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አገልግሎቱን በይፋ ከጀመረ ወዲህ ኢትዮ ቴሌኮም ብቻውን አይደለም። ሁለተኛው ኔትወርክ ዛሬ መንደሩ ባይደርስም፥ ስልኩ ለብዙ ዓመት የሚያገለግል ስለ ሆነ አስቀድሞ ቢታሰብበት መልካም ነው።

2. የኤሌክትሪክ ጉዳይ

የከተማ ሰው ስልኩን ማታ ሰክቶ ይተኛል። ከከተማ የራቀው ገበሬ ግን የሚያገኘው ኀይል ከጣሪያ ላይ ሶላር ወይም በገበያ ቀን ከከተማው ሱቅ ነው። ስለዚህ ባለ ቍልፍ ስልክን በስማርት ስልክ መለወጥ ዕቃ መለወጥ ብቻ አይደለም፤ የኀይል ምንጭንም እንደ ገና ማሰብ ያስፈልጋል። ይህንን በቍጥር ብናስረዳው ይሻላል።

እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ኖኪያ 1100 በዓለም ላይ ከ250 ሚሊዮን በላይ እንደ ተሸጠ ይነገራል። አቧራ የማያስገባ ቍልፍና የእጅ ባትሪ ነበረው፤ የገጠር ሰው የወደደውም ስለዚህ ነው። እንደዚህ ያለ ስልክ የሚይዘው ባትሪ 1000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ገደማ ነው፤ ይህ በ3.7 ቮልት ሲባዛ 3.7 ዋት ሰዓት ይሆናል። የዛሬው ስማርት ስልክ ግን 5000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ይይዛል፤ በ3.85 ቮልት ሲባዛ 19 ዋት ሰዓት ይጠጋል። ይኸውም ከአምስት እጥፍ በላይ ነው። ቻርጅ ሲደረግ በሙቀት የሚባክነው ሲጨመርበት 24 ዋት ሰዓት ያህል ያስፈልጋል።

አሁን የሶላሩን እንመልከት። ከመብራት ጋር የሚሸጠው ትንሹ ሶላር 3 ዋት ቢሆን፥ በጠራ ቀን ለ5 ሰዓት ጥሩ ፀሐይ ቢያገኝ የሚሰጠው 15 ዋት ሰዓት ነው። ከዚህም የሚባክነው ሲቀነስ 11 ያህል ይቀራል። ስለዚህ ባዶ የሆነን ስማርት ስልክ ለመሙላት ከሁለት ቀን በላይ ይፈጃል፤ ያውም ማታ መብራት ካልበራ ነው። ባለ 10 ዋት ሶላር ግን በዚያው ፀሐይ 50 ዋት ሰዓት ስለሚሰጥ፥ ስልኩንም መብራቱንም ይችላል። በሐምሌና በነሐሴ ጉም በደጋው ላይ ሲተኛ ሁለቱም እጅግ ይቀንሳሉ።

እንግዲህ ትንሽ ሶላር ብቻ ያለው ቤተ ሰብ ገንዘቡን ሁሉ በስልክ ላይ ከሚያውል፥ ርካሽ ስልክ ገዝቶ በተረፈው የሶላሩን መጠን ቢያሳድግ የተሻለ ይጠቀማል። የተገዛ ስልክ ባዶ ሆኖ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ጥቅሙ ምንድን ነው?

የባትሪ ፍጆታ በኔትወርኩ ጥንካሬም ይለያያል። ማማው ሩቅ ሲሆን ስልኩ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንደሚጮኽ ሰው ነው። በ900 ሜጋ ኸርዝ የ2ጂ ስልክ እስከ 2 ዋት ኀይል ሊያወጣ ይችላል፤ ማማው ቅርብ ሲሆን ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ ይበቃዋል። ኔትወርክ በማይገኝበት ሸለቆ ደግሞ ሳያቋርጥ ይፈልጋል። በዚህም ምክንያት ወደ ጀማ ሸለቆ ለእርሻ የወረደ ሰው ምንም ሳይደውል ባትሪው አልቆ ያገኘዋል። መድኀኒቱ ስልኩን «የአውሮፕላን» ወደሚባለው ሁኔታ መመለስ ወይም ማጥፋት ነው።

3. ብርድና ሙቀት

ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ በጓሳና በአካባቢው ሌሊት ውርጭ ይወድቃል። የዛሬ ስልኮች ሁሉ የሚጠቀሙበት የሊቲየም ባትሪ በብርድ ጊዜ በውስጡ ያለው ኬሚካላዊ ሥራ ይዘገያል። በዚህም ምክንያት ማታ 30 በመቶ የነበረው ስልክ ሲነጋ በድንገት ጠፍቶ ሊገኝ ይችላል። ሰውየው «ባትሪው ሞቷል» ብሎ ወደ ጠጋኝ ይወስደዋል፤ ነገር ግን ሲሞቅ ይመለሳል። ስለዚህ ከመጠገኑ በፊት በብብት ወይም በጋቢ ውስጥ ማሞቅ ይገባል።

ከዚህ የሚከፋው ግን በውርጭ ጊዜ ቻርጅ ማድረግ ነው። ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ የተደረገ የሊቲየም ባትሪ በውስጡ ብረታማ ሊቲየም ይጋገርበታል፤ ይህም አይመለስም፤ ባትሪውን እስከ መጨረሻው ያዳክመዋል። ሶላሩ ደጅ ይሁን፥ ስልኩ ግን ከቤት ውስጥ ይሁን፤ ፀሐይ ሞቅ እስክትልም ይቈይ።

በመርሐ ቤቴ ቆላ ጉዳዩ ተቃራኒ ነው። ሙቀት ባትሪን ፈጥኖ ያስረጃል። ስልክን ከሶላሩ ጋር ፀሐይ ላይ አስቀምጦ ቻርጅ ማድረግ ብዙ ጊዜ የሚታይ ስሕተት ነው፤ ባትሪው አብጦ የስልኩን ጀርባ የሚገፋው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ያበጠ ባትሪ እሳት ሊያነሣ ስለሚችል ወዲያው ከአገልግሎት መውጣት አለበት።

በአሮጌው ባለ ቍልፍ ስልክ ባትሪው በጣት ተነሥቶ በሌላ ይለወጥ ነበር። በዛሬው ስልክ ግን ባትሪው በማጣበቂያ ታሽጎ ስለሚገባ ጠጋኝ ይጠይቃል። በመሆኑም ከመግዛት በፊት «ለዚህ ስልክ ባትሪና ስክሪን ደብረ ብርሃን ይገኛልን?» ብሎ መጠየቅ ከካሜራው ጥራት ይልቅ ይጠቅማል። የመለዋወጫው መገኘት በብዙ ሰው እጅ ያለውን ዓይነት ለመምረጥ በቂ ምክንያት ነው። ቴክኖ፥ አይቴልና ኢንፊኒክስ የአንድ ኩባንያ፥ ትራንሽን የሚባለው፥ ዕቃዎች ናቸው፤ ኩባንያው ከእ.ኤ.አ. 2011 ጀምሮ በኢትዮጵያ ስልክ ሲገጣጥም ስለ ቈየ መለዋወጫውን የሚያውቁ ጠጋኞች ብዙ ናቸው። ሳምሰንግም እንዲሁ የታወቀ ነው።

4. ስለ ፊደላችን

ብዙ ሰው ሳያስበው የሚያልፈው፥ ለእኛ ግን ሊታለፍ የማይገባው ነገር የፊደል ጉዳይ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ወደሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደል መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ የተሠሩ ስልኮች ፊደላችንን አያውቁም፤ የዐማርኛ መልእክት ሲደርሳቸው ባዶ ሣጥን ብቻ ይደረድራሉ። ስማርት ስልክ ይህን ችግር አስወግዷል።

በአጭር መልእክት በኩል ግን አንድ ሌላ ነገር አለ። አንድ መልእክት የሚይዘው 140 ባይት ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ 160 ፊደል ይይዛል፤ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ግን እያንዳንዱ ፊደል ሁለት ባይት ስለሚወስድ 70 ብቻ ይይዛል። ከዚያ ያለፈ መልእክት እንደ ሁለት ይቈጠራል፥ ክፍያውም እንደዚያው ነው። ወጣቱ ዐማርኛን በላቲን ፊደል መጻፍ የለመደበት አንዱ ምክንያት ይህ እንደ ሆነ ይነገራል።

ነገር ግን ጉዳቱ እንደሚመስለው አይደለም። ፊደላችን ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ላይ ይይዛል። «እንደምን አደራችሁ» የሚለው በእኛ ፊደል ከነክፍተቱ 11 ቦታ ሲይዝ፥ በላቲን ሲጻፍ 18 ያህል ይወስዳል። ስለዚህ በወረቀት ላይ ከሁለት እጥፍ በላይ የሚመስለው የላቲን ብልጫ፥ በተግባር ከአንድ ተኩል እጥፍ አይደርስም። ይህን ታናሽ ጥቅም ለማግኘት ሲባል ከአንዲት ፊደል ከቈጠረች እናት ጋር በማታውቀው ፊደል መጻጻፍ ትርፉ ኪሳራ ነው። ስለዚህ ስልክ የሚገዛ ሰው ከሱቁ ሳይወጣ የዐማርኛ መጻፊያውን አስከፍቶ ስሙን ጽፎ ይመልከት።

5. በካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ቍጥር

ሻጭ ዕቃውን የሚያወድሰው በቍጥር ነው። ከእነዚህ ቍጥሮች ውስጥ ሦስቱን በጥንቃቄ ማየት ይገባል።

የመጀመሪያው ራም የሚባለው ነው። ይህ ስልኩ በአንድ ጊዜ ሥራ የሚሠራበት ሰፌድ እንደ ማለት ነው። በብዙ ርካሽ ስልኮች ካርቶን ላይ «8 ጊጋ» ተብሎ በትልቁ የሚጻፈው ከውስጡ 4ቱ ብቻ እውነተኛ ራም ሊሆን ይችላል፤ የቀሩት 4 ከማከማቻው የተበደሩ ናቸው። የተበደረው እጅግ ዘገምተኛ ስለ ሆነ እንደ እውነተኛው ሊቈጠር አይገባም። በትንሹ ፊደል «4+4» የሚል ቢገኝ መታመን ያለበት የመጀመሪያው ቍጥር ነው። ከ3 ጊጋ በታች የሆነ እውነተኛ ራም ያለው ስልክ ዛሬ ሊገዛ አይገባም እንላለን።

ሁለተኛው ማከማቻው ነው። በአገራችን ገጠር መዝሙር፥ ስብከትና ዘፈን ከኢንተርኔት ይልቅ ከሱቅ በሚሞሪ ካርድ እየተጫነ ይዞራል። ስለዚህ የሚሞሪ ካርድ ማስገቢያ መኖሩ ዋና ጉዳይ ነው። በአንዳንድ ስልክ ግን ሁለተኛው ሲምና ሚሞሪው የሚገቡት በአንድ ቦታ ስለ ሆነ አንዱን መምረጥ ግድ ይሆናል፤ ለሦስቱም የተለየ ቦታ ያለው ይሻላል።

ሦስተኛው በካርቶን ላይ የማይጻፈው የዕድሳት ዘመን ነው። የስልኩ ፕሮግራም በየጊዜው ካልታደሰ፥ ከጥቂት ዓመት በኋላ የባንክና የመልእክት ፕሮግራሞች አይቀበሉትም። ዋትሳፕ ከጥቅምት 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከአንድሮይድ 5 በታች በሆነ ስልክ ላይ መሥራቱን አቁሟል። ሳምሰንግ ለጋላክሲ ኤ15 የ5 ዓመት የደኅንነት ዕድሳት፥ ከእርሱ በኋላ ለወጣው ለኤ16 ደግሞ የ6 ዓመት ቃል ገብቷል። በመንዝ ስልክ ከልጅ ወደ አባት፥ ከአባት ወደ ታናሽ ወንድም እየተላለፈ የሚያገለግል ስለ ሆነ፥ ይህ ዘመን እንደ ዋጋው ሁሉ ሊታሰብ ይገባዋል።

6. ከውጭ አገር የሚላክ ስልክ

ከእነዚህ ወረዳዎች ወደ ዐረብ አገር፥ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ የሄዱ ልጆች ለወላጆቻቸው ስልክ ይልካሉ። ስጦታው የተከበረ ነው፤ ነገር ግን ዘወትር የሚስማማ አይደለም።

ለምሳሌ የሰባት የስምንት ዓመት ዕድሜ ያለውን አይፎን 8 እንውሰድ። በጊዜው ውድ ነበር፤ ዛሬም መልኩ ያማረ ነው። ነገር ግን ባትሪው አዲስ ሳለ እንኳ 1,821 ሚሊ አምፔር ሰዓት ብቻ ነበር፤ አንድ ሲም ብቻ ይይዛል፤ ሚሞሪ ካርድ አያስገባም፤ የቻርጀሩ ጫፍ ከጎረቤት ቻርጀር ጋር አይገጥምም። በአንጻሩ በብዙ ያነሰ ዋጋ የተገዛ አዲስ የቴክኖ ወይም የአይቴል ስልክ እነዚህን አራቱንም ያሟላል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ8ም ካሜራው ግሩም ነው፤ ሆኖም ፕሮግራሙ ከአንድሮይድ 9 አላለፈም፥ ባትሪውም 3000 ነው። ከዚህ የምንረዳው፥ «ትናንት ውድ የነበረ» ማለት «ዛሬ የሚጠቅም» ማለት እንዳልሆነ ነው።

ስልክ ለመላክ የሚያስብ ዘመድ ቢጠይቅ ይህን ልንነግረው ይገባል፦ በአንድ ድርጅት ኔትወርክ ብቻ እንዲሠራ የተቈለፈ ስልክ እዚህ ሲም አይቀበልም፤ የቀድሞው ባለቤት መለያ ያልወጣለት ስልክም አይከፈትም። ከመስከረም 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአሜሪካ የተሸጡት አይፎን 14ና ከእርሱ በኋላ የመጡት ደግሞ የሲም ማስገቢያ እንኳ የላቸውም።

7. የገንዘብና የዘመድ ጉዳይ

ቴሌብር ሥራ የጀመረው ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ «ስማርት ስልክ ካልገዛሁ ገንዘብ መላክ አልችልም» የሚል አሳብ ተስፋፍቷል። ይህ እውነት አይደለም። በባለ ቍልፍ ስልክ *127# ተብሎ ቢደወል ቴሌብር ይከፈታል፤ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክም በ*889# ይገኛል። ይህ መንገድ ኢንተርኔት አይፈልግም።

የዚህ ጥቅም በቅርቡ ዓመታት በግልጥ ታይቷል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ከታወጀ ወዲህ በዐማራ ክልል የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ቈይቷል። በዚያን ጊዜ ውድ ስማርት ስልክ የያዘው ሰውና ባለ ቍልፍ ስልክ የያዘው ሰው እኩል ሆኑ፤ እንዲያውም ባለ ቍልፉ ባትሪው ለብዙ ቀን ስለሚቈይ በለጠ። ስለዚህ በኢንተርኔት ላይ ብቻ የተመሠረተ ምርጫ በዚህ አገር ጎደሎ ነው።

ሆኖም ስማርት ስልክ የማይተካ ጥቅም ያለው በአንድ ነገር ነው፤ ይኸውም የሩቅ ሰውን ፊት ማሳየቱ ነው። ልጇ ቤይሩት ወይም ሪያድ የምትሠራ እናት በድምፅ ብቻ «ደኅና ነኝ» የሚለውን ሰምታ አትረካም፤ ፊቷን ዐይታ መክሳቷንና መታመሟን ማወቅ ትሻለች። ኢሞ በደካማ ኔትወርክም ስለሚሠራ በዐረብ አገር ባሉ ልጆችና በወላጆቻቸው ዘንድ የተወደደው በዚህ ምክንያት ነው። ለእንዲህ ያለችው እናት የስልኩ የፊት ካሜራና የስክሪኑ ስፋት ቅንጦት አይደለም።

8. ለማን የትኛው?

ከዚህ በላይ የተባለውን ስንሰበስበው ምርጫው እንደ ሰዉ ሥራ በአራት ይከፈላል።

ሀ) ኔትወርኩ 2ጂ ብቻ በሆነበት ቀበሌ የሚኖርና ለመደወል፥ ገንዘብ ለመላክና ሬዲዮ ለመስማት ብቻ የሚፈልግ ገበሬ አሮጌውን አይለውጥ፤ ቢሰበርበትም ሁለት ሲም፥ ኤፍ ኤም ሬዲዮና የእጅ ባትሪ ያለው አዲስ ባለ ቍልፍ ስልክ ይግዛ።

ለ) 3ጂ ወይም 4ጂ የሚደርሰው፥ ልጁ በውጭ አገር ያለችበት ቤተ ሰብ እውነተኛ ራሙ ከ3 እስከ 4 ጊጋ፥ ባትሪው 5000 የሆነ ርካሽ አዲስ ስልክ ይበቃዋል። የቴክኖ ፖፕ፥ የአይቴል ኤ ወይም የኢንፊኒክስ ስማርት ተራ ስልኮች በዚህ ደረጃ ያሉ ናቸው።

ሐ) መምህር፥ የጤና ሠራተኛ፥ ነጋዴና ተማሪ ስልኩ መጽሐፉም መዝገቡም ስለ ሆነ፥ ረጅም የዕድሳት ዘመን ያለውን ቢመርጥ ጥሩ ነው። ለአንድ ዓመት አገልግሎት የሚደርሰው ዋጋ ሲሰላ፥ ስድስት ዓመት የሚቈየው ስልክ ሁለት ዓመት ብቻ ከሚቈየው ይልቅ ብዙ ጊዜ ርካሽ ሆኖ ይገኛል።

መ) ገንዘብ ያነሰው ሰው ያገለገለ ስልክ ሊገዛ ይችላል፤ ግን ሳይፈትሽ አይክፈል። *#06# ብሎ የሚወጣው ቍጥር ከካርቶኑ ጋር ይስማማ እንደ ሆነ ይይ፤ የራሱን ሲም አስገብቶ ይደውል፥ ይደወልለትም፤ ቻርጀር ሰክቶ መቀበሉን ይመልከት፤ ጀርባው ያበጠ እንደ ሆነ በእጁ ይዳስስ፤ የቀድሞው ባለቤት መለያ መውጣቱን ያረጋግጥ፤ የዐማርኛ መጻፊያውንም ይሞክር።

መደምደሚያ

እንግዲህ የተመለከትነው ሁሉ ወደ አንድ አሳብ ያመራል። በአዲስ አበባ ሱቅ ውስጥ ስልክ የሚመዘነው በካሜራው፥ በፍጥነቱና በስሙ ነው። በመንዝ፥ በግሼና በመርሐ ቤቴ ግን መመዘኛው በዚህ ተራ መሆን አለበት፦ መጀመሪያ በመንደሩ የሚገኘው ኔትወርክ፥ ቀጥሎ በቤቱ የሚገኘው ኀይል፥ ቀጥሎ መለዋወጫና ጠጋኝ፥ ከዚያ በኋላ ራምና ማከማቻ፥ በመጨረሻ ካሜራና መልክ። ይህን ተራ የገለበጠ ሰው ጥሩ ስልክ ገዝቶ ሊቸገር ይችላል።

ሁለተኛው ምክራችን አዲሱ ሲገዛ አሮጌው እንዳይጣል ነው። ባለ ቍልፉ ስልክ ዋናውን ሲም ይዞ ከገበሬው ጋር ወደ እርሻ ይውረድ፤ ስማርት ስልኩ ከቤት፥ ከብርድና ከፀሐይ ተጠብቆ፥ ለቤተ ሰቡ በጋራ ያገልግል። ሁለቱ ተባብረው የሚሠሩት አንዱ ብቻውን ከሚሠራው ይበልጣል።

በመጨረሻም ለተማሪ ጓደኞቻችን የምናሳስበው አለ። ከአገር ቤት «የሚሆነውን ዐይተህ አምጣ» የሚል መልእክት ሲደርሰን፥ እኛ ራሳችን የምንመኘውን ስልክ እንዳንመርጥላቸው እንጠንቀቅ። ከሱቁ በፊት ልንጠይቃቸው የሚገባን ሦስት ጥያቄዎች አሉ፦ ኔትወርክ ከቤት ይገኛል ወይስ ከጉብታ? ሶላሩ ስንት ዋት ነው? ስልኩን ከሁሉ ይልቅ የሚጠቀምበት ማን ነው? ለእነዚህ መልስ ያገኘ ሰው ከምርጫው አብዛኛውን ጨርሷል።